ወይን ከመትከል በፊት መሬቱን ማወቅ ይገባል

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለፈረስ እውነት ነው፤ በወይን እርሻ ግን መሬትና አየር ከዘር ይበልጥ ይስባሉ። ዝነኛ ዘር ከሩቅ አገር ማስመጣት ብቻውን መልካም የወይን ጠጅ ያስገኛል የሚሉ ሰዎች የኢጣልያን ደሴት ሲቺልያን ቢመለከቱ ይጠቀማሉ።

ሲቺልያ እንደ አገራችን ደጋም ቆላም ያላት ደሴት ናት። በምሥራቅ፣ በኤትና እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ፣ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ወይን ይተከላል። በዚያ ኔሬሎ ማስካሌዜ የተባለው ጥቁር ወይን ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ቀስ ብሎ ይበስላል። አሸዋማው አፈር የወይንን ሥር ለሚያጠፋው ለፊሎክሴራ ተባይ ስለማይመች፣ እጅግ ያረጁ ተክሎች እስከ ዛሬ ይገኙበታል። በደቡብ ምሥራቅ ለሚገኘው ሞቃትና ደረቅ ቆላ ኔሮ ዳቮላ ይስማማዋል። በምዕራብ በኩል ግሪሎና ካታራቶ የተባሉት ነጭ ወይኖች፣ አልኮል ተጨምሮበት የሚጠነክረውን የማርሳላን ጠጅ ይሰጣሉ። ነፋስ በሚበረታባት በፓንተለሪያ ደሴት ደግሞ ገበሬው ዚቢቦ የተባለውን ወይን በጎድጓዳ ስፍራ ዝቅ አድርጎ ያሳድጋል፤ ይህም ጥበብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ይህ ሁሉ ሀብት እያላት፣ ሲቺልያ በሃያኛው መቶ ዓመት ከወይን ጠጅዋ ብዙውን በጅምላ ወደ ውጭ ትሸጥ ነበር። ጠጁም ስሙ ሳይጠራ የሌላውን አገር ደካማ ጠጅ ማጠንከሪያ ሆነ። በኋላ ሻርዶኔና ካቤርኔ ተተክለው ዝና አተረፉላት፤ ዛሬ ከሌሎች የሚለያት ግን ከመሬቷ ጋር የተስማማው የጥንቱ ዘር ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በዝዋይ አካባቢ ከተተከሉ የፈረንሳይ ዘሮች የተሠራ የወይን ጠጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ለገበያ ቀርቧል፤ ሥራውም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ለዝዋይ የተስማማው ዘር ለሌላው ወረዳ ሁሉ ይስማማል ማለት አይደለም። የወይን ተክል ደኅና ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ያስጠብቃል፤ በስሕተት የተተከለ እንደ ሆነ የገበሬው ድካም ከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ ባለሥልጣኖች ችግኝ ከማደል በፊት የየወረዳውን አፈር፣ ዝናብና ከፍታ ያስመርምሩ። ገበሬውም ማሳውን በሙሉ በአንድ ዘር ከመሸፈን ይልቅ ልዩ ልዩውን በጥቂቱ ይሞክር። ወይና ደጋ የሚለው ስም ወይንን የያዘ ነውና፣ ስሙ እውነት የሚሆነው እንዲህ ሲሠራበት ነው።