የደባርቅ አንደኛ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ካመለከቱት ውስጥ የተቀበለውም ከመቶ ሦስት ያህሉን ነው። ቁጥሮቹ መንታ ቢመስሉም ሥራቸው ለየቅል ነው። ሃርቫርድ የሚመልሰው ወንበሩ ስለሚሞላበት ነው። የኛዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ተማሪ አጠራቸውና ከ50 በመቶው ማለፊያ መስመር በታች ለቀሩት ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ተከፈተ። ስለዚህ እዚህ አገር 50ን የተሻገረ ልጅ የትም አይገባ ይሆን ብሎ አይሰጋም። ጭንቁ የት ይሆን የሚለው ነው።

ከደባርቅ በላይ ባለው የሰሜን ተራሮች ካምፕ፣ ሳንቃ በር ላይ፣ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ የሚጭን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህንኑ ጠየቀኝ። ሳምንቱን ደባርቅ ይማራል፤ ሥራ ሲገኝ ቅዳሜና እሑድ ካምፑ ድረስ ይወጣል። ከክፍሉ አንደኛ ነው። «ጋሼ፣ በዚህ አያያዜ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይደርሰኛል?» አለኝ።

መልሱ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ድሮ ማትሪክ ትፈተናለህ፣ ምርጫህን ትሞላለህ፣ ሚኒስቴሩ ይመድብሃል፤ አለቀ። አሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ አመልካቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው የሚለየው። ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የአዲስ አበባውና የአዳማው፣ የራሳቸውን ፈተና መስጠት ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለዚህ ልጁ አንዱን በር ካለፈ በኋላ ሁለተኛ በር ይጠብቀዋል። ለዚያኛው ደግሞ ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ ለጥቂት ቀናት ተከፍቶ ይዘጋል።

ኢንተርኔት ካነሳሁ አይቀር፦ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ውጭ አገር ላመልክት ለሚል ልጅ ደግሞ፣ የብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች የማመልከቻ ቀን የሚያበቃው በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት አካባቢ፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ግድም ነው። የ2016ቱ ታኅሣሥ በዚያ ጨለማ ውስጥ አለፈ። ሃርቫርድ ለውጭ ተማሪም እንደ ድህነቱ መጠን ይረዳል መባሉ እውነት ነው። ግን ማመልከቻውን መላክ ያልቻለ ልጅ እርዳታው ምን ይፈይድለታል?

ወደ ደባርቅ ልመለስ። ከጃናሞራና ከበየዳ ወረዳዎች የሚመጡ ልጆች ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይማራሉ። ስንቃቸው፣ በሶውና ቆሎው፣ በገበያ ቀን በሚወርድ ዘመድ ይላክላቸዋል። ቤተ ሙከራን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቅ የፊዚክስ ተማሪ አለ። ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከፊል በኮምፒውተር ሲሰጥ፣ ማውስ የሚባለውን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጥ ልጅ ደቂቃው ሲያልቅበት ይታያችሁ። በዚያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በጎረቤቷ ዳባት ዙሪያ ውጊያ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ትምህርት እየተቋረጠ የቆየባቸው ወረዳዎች ብዙ ናቸው።

እንዲህ ሆኖ ከ600 ላይ 420 ያመጣ ልጅና ግብዓቱ ከተሟላለት የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት 450 ያመጣ ልጅ ሲወዳደሩ፣ የሚታየው ነጥባቸው እንጂ ትምህርት ቤታቸው የጎደለው አይደለም። ለእኔ ግን 420ው ይበልጥብኛል። አሜሪካኖቹ እንኳ ይህን ያውቃሉ፤ ከማመልከቻው ጋር የትምህርት ቤቱን መግለጫ ይጠይቃሉ፣ ልጁ ምን በሌለበት ቦታ ምን እንዳመጣ ለማየት። ቴክሳስ ከዚህም አልፋ ሄደች። በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከላይ ያሉት አሥር በመቶዎቹ በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ ተረጋገጠላቸው። ኋላ በኦስቲን ላለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ መጠኑ ቢጠበብም፣ ልጅን ከጎረቤቱ ልጅ ጋር የማወዳደሩ ሐሳብ ጸንቷል።

እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፣ ያውም በጣም ቀንሼ። 50ው መስመር ይነካ አላልኩም። መስመሩን ካለፉት መካከል የየትምህርት ቤቱ አንደኛ የራሳቸውን ፈተና በሚሰጡት ሦስቱ መራጭ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ቦታ ይጠበቅለት።

«ገብቶ ቢወድቅስ?» የሚሉኝ አሉ፤ ከንቱ ሥጋት አይደለም። የፍሬሽማን ሒሳብ ማንንም አይምርም። ግን መንግሥት 50 ላላመጡት ሬሜዲያል ከከፈተ፣ 70 በመቶ ላመጣው የገጠር አንደኛ የአንድ ክረምት ሒሳብና ኮምፒውተር መስጠት እንዴት ያቅተዋል? በነገራችን ላይ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲን ማሳነሴ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ተቋም ነው፤ የሰሜን ልጅ ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ መማር መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ እዚያ የሚገባው መርጦት እንጂ ሌላው በር ስለተዘጋበት መሆን የለበትም።

የአንደኞቹ ብዛት ያስፈራ ይሆናል። በ2014ቱ ፈተና ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ልጅ አላሳለፉም፤ ከእነሱ የሚመጣ የለም፣ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ሐዘን ነው። የቀሩት 1,798 ናቸው። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ ቢወሰድ 1,798 ወንበር፣ ያውም ለሦስት ዩኒቨርሲቲ ተከፋፍሎ።