የቆመ ጤፍ ትተው ስለ ሄዱት ገበሬ



በጥቅምት ወር አጋማሽ አፈር ያለበስናቸው አባታችን አርባቸው እየተቃረበ ነው። ስማቸውን እዚህ ሰሌዳ ላይ አንጽፍም። ባለቤታቸው እንዲህ ይሁን ብለዋል፤ ደግሞም በዚህ መንደር የማያውቃቸው የለም።

በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ሰባት መስመር አይሞላም ነበር። ተወለዱ፣ አገቡ፣ ሰባት ልጅ ወለዱ፣ በግብርና ሥራ ይተዳደሩ ነበር፣ ታመው አረፉ። ውሸት የለበትም። ነገር ግን «በግብርና ሥራ ይተዳደሩ ነበር» የምትለው አንዲት መስመር ምን ምን እንደያዘች ማወቅ ለልጆቻችን ይጠቅማል። አሁን እኮ በመንደራችን ከበሬ ይልቅ ባጃጅ የሚያውቅ ልጅ በዝቷል።

ሟቹ የተወለዱት በ1944 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምጽ፣ ሞጣም የእኛ ቢቸናም ሲነሣ፣ ገና የ16 ዓመት እረኛ ነበሩ። አውሮፕላን መጣ ሲባል ከብቱን ይዘው ገደል ሥር ማደራቸውን ለቅሶ ቤት ያጫውቱን ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ አዲስ ጎጆ ወጪ ናቸው። በእኛ አገር ርስት ስለነበረ አዋጁ እንደ ደቡቡ ጭሰኛ አላስጨፈረም፤ ሽማግሌዎቹ እንዲያውም ፈርተው ነበር። እሳቸው ግን ከገበሬ ማኅበሩ ገቡ፤ ሁለት ዓመትም ንብረት ያዥ ሆነው አገለገሉ። ይህች ሁለት ዓመት ኋላ ብዙ አስከፍላቸዋለች።

ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው። ቀን አርሰው ማታ በኩራዝ። ከዚያ ወዲህ የተለጠፈ ወረቀት ሳያነቡ አያልፉም። ይህችን ሰሌዳ ፊት ለፊት ቆመው፣ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ የሚሰማ ሁሉ ሳያነብ ወሬውን ይዞ ይሄድ ነበር።

የኮታውንም ዘመን አሳልፈዋል። ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚገባው እህል በቁርጥ ዋጋ ይሰፈር ነበርና አዝመራ ያጣ ሰው ከገበያ ገዝቶ ኮታውን ይሞላ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ያ ሲነሣ ገበሬው ተንፈስ አለ። ተንፈስ ብሎ ግን አልቆየም። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ሲመጣ፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ኃላፊነት የነበረ ሁሉ «ቢሮክራት» ተባለና ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ ሌላው እስከ 12 ጥማድ መያዝ ይችላል። ለንብረት ያዥነታቸው የተከፈላቸው ደመወዝ ይህ ነው። ሰባት ልጅ፣ አራት ጥማድ።

እንግዲህ ስንቱ በዚያን ጊዜ ተኳርፎ፣ ስንቱ በወሰን ተካሶ እንደቀረ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከእሳቸው መሬት ከደረሳቸው ጎረምሶች አንዱ በሬ አልነበረውም። የራሳቸውን አዋሱት። ሰው ምነው ቢላቸው፣ መሬት ጦም ማደር የለበትም ነበር መልሳቸው። ይህ ጽድቅ ነው ወይስ ሞኝነት ተብሎ በጠላ ቤት ብዙ ተከራክረንበታል። ጎረምሳው ዛሬ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው፤ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት ውስጥ ነበረ።

የቤት ነገር ሲነሣም ዝም ብለን አናልፍም። ከተማ ዳር ቤት የሠሩት ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንዳይርቁ ብለው ነው፤ ራሳቸው ግን ንጋት ሳይሆን ሞፈር ተሸክመው ወደ ማሳ ይወርዳሉ። ሚስት አራስ ስትሆን አህያ ጭነው ውኃ የሚቀዱ ወንድ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሳቁባቸው፣ እሳቸው ግን መቅዳታቸውን አልተዉም። በ1995 ዓ.ም. የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀመር የባልና የሚስት ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ሆነ። አንዳንዱ ሚስቱን ለፎቶግራፍ ለማምጣት ሲያመነታ እሳቸው ባለቤታቸውን ነጠላ አስለብሰው ቀድመው ተሰለፉ። ስለዚህ መሬቱ አሁን ባለቤት አጣ ብሎ በየጥጉ የሚያንሾካሹክ ሰው ካለ፣ ደብተሩ የማን ፎቶግራፍ እንዳለበት መጥቶ ይይ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ።

ሟቹ ሐምሌ ላይ ሁለት ጥማድ ጤፍ ዘርተዋል። ከገመሳው ጀምሮ አምስት ጊዜ አርሰው፣ ማሳውን በከብት አስረግጠው፣ ማዳበሪያውን በዱቤ አግኝተው ነው የዘሩት። አረሙንም ራሳቸው ከባለቤታቸው ጋር አንድ ዙር አርመዋል። ከዚያ ተኙ። ጤፉ ደርሷል፤ ዛላው ነጥቷል። ጤፍ ደግሞ እንደ በቆሎ ታግሦ የሚቆም እህል አይደለም፤ ካለፈበት ይረግፋል፣ ያለወቅቱ ዝናብ ካገኘው ይጋደማል፣ ይበላሻል። ቤት ያሉት ባለቤታቸውና ገና ተማሪ የሆነው የመጨረሻው ልጅ ናቸው።

ልጆቻቸው ደመወዝተኞች ናቸው፣ ቀን ሠራተኛ ያሳጭዱ የሚል ሐሳብ በኮሚቴው ስብሰባ ተነሥቷል። ልጆቹ ለሕክምናው ያላቸውን አራግፈዋል፤ በአጨዳ ሰሞንም ሠራተኛ እንደልብ አይገኝም። ሁለተኛው ሐሳብ፣ እድር ለቀብር እንጂ ለአጨዳ አልተቋቋመም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ የመተዳደሪያ ደንባችን ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበርና ስለ ድስት፣ ስለ መቅጫም ሳይቀር ይናገራል፤ ስለ ቆመ እህል አንዲት ቃል የለውም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን ራሳቸው ገበሬዎች ነበሩ፤ ደቦ ያለ ደንብም የሚደረግ ስለነበረ መጻፉ አላስፈለጋቸውም ይሆናል። አሁን ግን መጻፍ አለበት ባይ ነን። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ፣ አንድ አባል በዘርና በአጨዳ መካከል ቢሞት እድሩ አንድ ጊዜ አጭዶ ይከምራል የሚል አንቀጽ እንዲጨመር እናቀርባለን። የምትቃወሙ መጥታችሁ ተቃወሙ፤ ቀርታችሁ በኋላ አታጉረምርሙ።

ሟቹ በእድሩ በነበሩበት ዘመን ሁሉ መቅጫ የከፈሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም በሬያቸው ገደል ገብቶ ሲያወጡ ስለዋሉ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር ዶማ ከእጃቸው ተቀብሎ ማሳረፍ አስቸጋሪ ነበር።

ደቦው ሰኞ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። ዋዜማው ጽዮን ነው፣ ማግስቱ ጊዮርጊስ ነው፤ በመካከል የተገኘችው ቀን ይህች ናት። ሥራው ለ15 ብርቱ አጫጅ የአንድ ቀን ነው፤ 20 ከሆንን ከሰዓት በኋላ ነዶውን ሰብስበን እንከምራለን። ማጭድ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ከዋዜማው በፊት ለንብረት ክፍሉ ያስታውቅ። መሥሪያ ቤት የሚውሉ ልጃቸውን ይላኩ፤ ጎንበስ ማለት የማይችሉ ውኃ በማቅረብ ይርዱ። የነቢያት ጾም ስለገባ የእድሩ እናቶች ሽሮና ንፍሮ ያዘጋጃሉ፤ ከኀዘን ቤቱ ምንም አይጠየቅም። መገናኛው ይኸው ሰሌዳ ሥር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። አውድማ የመለቅለቁና የመውቃቱ ነገር ጥር ላይ በሚወጣ ማስታወቂያ ይገለጻል።

የእድሩ ጸሐፊ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.