የሕፃኑ ክንድ ሲዝል

በከሚሴም ሆነ በባቲ፣ የተወለደ ሕፃን አንድ ክንዱ ቢዝል «ወልቋል» ብለን ወደ ወጌሻ ለመሮጥ አንቸኩል። ከአንገታችን ሥር ወደ ትከሻ የተጋደመውን አጥንት እንዳስስ። ከእርሱ በላይ ባለው ጎድጓዳ ስፍራ፣ ከአከርካሪ የወጡ 5 የነርቭ ሥሮች በሁለት ጡንቻዎች መካከል አልፈው 3 ግንዶች ይሆናሉ። ክንድን የሚያዙት እነዚህ ናቸው። በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ ትከሻ ተይዞ አንገቱ ከተሳበ የላይኛው ግንድ ይጎዳል፤ ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሮ ይንጠለጠላል፣ ጣቶቹ ግን ይጨብጣሉ። አብዛኞቹ ሕፃናት በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። ወጌሻችን አጥንት ያውቅ ይሆናል፤ የተጎዳን ነርቭ መጎተት ግን ጉዳት ላይ ጉዳት ነው። ሕፃኑን ወዲያው ለሐኪም እናሳይ፤ በ3 ወሩ ክርኑን ማጠፍ ካቃተው ወደ ስፔሻሊስት ሪፈር እንዲጻፍለት እንጠይቅ።