ፊደል ቆጠራው ከ«ሀ» ባይጀምርስ?

ልጄ ዳውን ሲንድረም እንዳላት የሚያውቁ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። የጎረቤት ልጆች ሀ ሁን በቃላቸው ሲወጡት የእኔ ልጅ ገበታውን አይቶ ፊቱን ያዞራል፤ ምን ላድርግ? የሚል ነው። ለዛሬ በዚሁ ላይ እናውጋ።

እኛ ቤት ትምህርቱ የተጀመረው ቸግሮን ነው። አንድ መዋዕለ ሕፃናት «ከሌሎቹ ጋር እኩል አትሄድም» ብሎ መለሰን። ዘመድም ለእሷ ብሎ «ፊደሉ ይቅርባት፣ አታስጨንቂያት» አለኝ። እኔ ግን ልጄ ስሟን የትም አይታ «ይህ የእኔ ነው» እንድትል እፈልግ ነበር።

የፊደል ገበታችን 33 ዋና ፊደላት አሉት። እያንዳንዱ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ በቃል መሸምደድ ንግግሩ ለዘገየ ልጅ ከባድ ነው። ዳውን ሲንድረም ያላቸው ብዙ ልጆች ደግሞ ከሰሙት ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ። ስለዚህ ከገበታው በፊት የሚያውቁትን ቃል ማሳየት ይቀላል።

እኔ በአራት ቃላት ጀመርኩ፤ ስሟ፣ «እማዬ»፣ «አባባ» እና «ውሃ»። እያንዳንዱን በካርቶን ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ በትልቁ ጻፍኩ። መጀመሪያ አንዱን ካርቶን በመሰሉ ላይ ታስቀምጣለች። ቀጥሎ «አባባ የቱ ነው?» ስላት ታመለክታለች። መናገሩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከተሳሳተች «አይደለም» አልላትም፤ እጇን ይዤ ወደ ትክክለኛው እወስዳለሁ። በቀን ሁለቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሳትሰለች ማቆም ነው።

ቃሉን ስትለምድ ካርቶኑን በመቀስ ቆረጥነው። የፊደላችን ጥሩነት እዚህ ላይ ነው፤ «አባባ» ሲቆረጥ ሦስቱም ቁራጭ ለየብቻው ይነበባል፤ አ፣ ባ፣ ባ። መካከለኛውን በ«በ» ብንተካው «አበባ» ይሆናል። የ«በ» አንድ እግር ሲረዝም «ባ» እንደሚሆን ልጄ ያየችው በዚህ ጨዋታ ነው።

ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ እነዚህ ልጆች የመስማትና የማየት ችግር ብዙ ጊዜ ያጋጥማቸዋል፤ ጆሮና ዓይናቸውን ሐኪም ይይላቸው። ሁለተኛ፣ ንባብን ከጽሕፈት ጋር አታጣብቁት። ጣቱ እርሳስ ለመያዝ ያልጠና ልጅ ማንበብ ሊጀምር ይችላል። ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሳችሁ በጣቱ ይሳል። ሦስተኛ፣ ማታ ማታ ተረት አንብቡለት፤ ገጹን እሱ ይግለጥ። የማይናገር ልጅ አይሰማም ማለት አይደለም።

መንገዱ ለሁሉም ልጅ አንድ አይደለም። ኦቲዝም ላለበት ልጅ የመጀመሪያው ቃል «እማዬ» ሳይሆን «መኪና» ሊሆን ይችላል፤ የሚወደውን ተከተሉ። በወር ሦስት ቃል ከሆነም ሦስት ቃል ነው። ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ከራሱ ጋር አስተያዩት።