ጥይት ቀነሰ ሲባል ማን እንደቀነሰው ይጠየቅ



በምንኖርባት በዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. 274 ሰዎች ተገድለዋል፤ የበዙትም በጥይት ነው። በ2024 ቁጥሩ ወደ 187 ወረደ። ሌሊት ታክሲ ለሚነዱትና ሱቅ ለሚያመሹት ወገኖቻችን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ታዲያ ማን አወረደው?

በ2018 በከተማው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አማካይነት ጠብ የሚያበርዱ ሠራተኞች በአንዳንድ ሰፈሮች ተሰማርተዋል። ዘዴው የመጣው ከቺካጎ ነው። እዚያ በ2000 ጋሪ ስሉትኪን የተባሉ የወረርሽኝ ሐኪም ተኩስን እንደ ተላላፊ በሽታ ቆጥረው፣ አንዱ ሌላውን ሳይወልድ ይቆረጥ ብለው ጀመሩት። ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ደም እንዳይመላለስ ሽማግሌ መላክ ማለት እኮ ነው። እዚህ ግን ሽማግሌው ሽበት የለውም፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ወህኒ ገብቶ የወጣ የሰፈሩ ልጅ ነው። ጎረምሶቹ የሚሰሙትም ስለዚህ ነው።

ሥራውን እንደግፋለን፤ ዐይናችንን ጨፍነን ግን አይደለም። በ2024 ግድያ የቀነሰው በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነው። «ቀንሷልና ሠርተናል» ማለት፣ ዝናብ ጥሎ ሳለ ማሳውን ያጠጣሁት እኔ ነኝ እንደ ማለት ይሆናል። በፒትስበርግ በ2004 የተጀመረ ይህን መሰል ፕሮግራም በተመራማሪዎች ሲመዘን፣ ግድያ አለመቀነሱ፣ እንዲያውም በሰፈሮቹ የጦር መሣሪያ ጥቃት ጨምሮ መገኘቱ ታውቋል። ቅን ልብ ብቻውን ምን ያደርጋል?

የፊላዴልፊያው ያስቀናል። እዚያ 541 ቆሻሻ የወረሳቸው ባዶ ቦታዎች ተይዘው፣ የትኛው ይጽዳ፣ የትኛው እንዳለ ይቆይ የሚለው እንደ ዕቁብ በዕጣ ተለየ። ቆሻሻው ተጠረገ፤ ከፊሉም ሣርና ዛፍ ተተከለበት። በ2018 የታተመው ውጤት፣ በድኾቹ ሰፈሮች በጸዱት ቦታዎች ዙሪያ የጦር መሣሪያ ጥቃት 29 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ዕጣ ወገን የለውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሻማበት አይችልም።

በየዓመቱ በከተማው ምክር ቤት የበጀት ስብሰባ ላይ ነዋሪ ቃሉን መስጠት ይችላል። ማኅበራችን ገንዘቡ ይቀጥል ይላል። ሆኖም ሠራተኞቹ ያሉበት ሰፈር ከሌሉበት ተመሳሳይ ሰፈር ጋር ተነጻጽሮ ይቆጠር። የበረደ ጠብ በፖሊስ መዝገብ እንደማይጻፍ እናውቃለን፤ ንጽጽሩ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ቆጠራውን ደግሞ ገንዘቡን የሚቀበለው ድርጅት ራሱ አይሥራው። ዕድር እንኳ ሒሳቡን በራሱ ገንዘብ ያዥ አያስመረምርም!

ቃል መስጠት የምትፈልጉ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳችሁ አስተርጓሚ እንዲመደብ አስቀድመን እንጠይቃለን።