ወንጌሉን በቃሉ የያዘው ተዋናይ

አሌክ ማኮዌን የሚባል እንግሊዛዊ ተዋናይ ነበር። ከለንደን ቴአትር ቤቶች እስከ ኒውዮርኩ ብሮድዌይ ተውኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በሂችኮክ «ፍሬንዚ»፣ በ1983 ደግሞ በጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ ታይቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ያደረገው ነው። የማርቆስን ወንጌል 16 ምዕራፎች በኪንግ ጄምስ ትርጉም በቃሉ አጥንቶ፣ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ ተረከው። ለንደን ሰማችው፤ ኒውዮርክም ሰማችው። ሰዎች ወንጌልን ለመስማት ትኬት ገዙ!

እኔ ከማርቆስ ለዓመታት ሰብኬአለሁ። አንዱን ምዕራፍ በቃልህ በል ብባል ግን ስልኬን መፈለጌ አይቀርም። ይህ ያሳፍረኛል።

«እርሱ እኮ ሙያው ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በቃል መያዝ ብቻውን አያድንም። ነገር ግን ተዋናይ ለሙያው ይህን ያህል ከተጋ፣ «ቃሉ ሕይወቴ ነው» የምንለው እኛስ?

በጉባኤያችን ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ይነበብና ቀሪው ሰዓት የእኛ ንግግር ይሆናል። እንደ እኔ እምነት፣ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያለ ማብራሪያ ሊነበብ ይገባል። ቃሉ ራሱ ይናገር፤ የእኛን ጩኸት አይጠብቅም።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያለህ ወዳጄ፣ የማንንም ስብከት ሳትጠብቅ የማርቆስን ወንጌል ዛሬ ማታ ቁጭ ብለህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው። ኢየሱስ ማን እንደሆነ ከዚያው ታገኘዋለህ።