ሰሊጡ አይጠብቅም፣ ፕላዝማውም አልጠበቀም

መስከረም ሲጠባ ከተማ ያለ ተማሪ ደብተር ይለብዳል፤ መተማ ያለው ደግሞ ማጭድ ይስላል። ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም። ፍሬውን የያዘው ልባስ ደርቆ ከተከፈተ፣ ክረምቱን ሙሉ የተለፋበት መሬት ላይ ረግፎ ይቀራል። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ኅዳር እስኪገባ ድረስ እጅ ያለው ሁሉ እርሻ ላይ ነው፤ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛም፣ ባለመሬቱም፣ የባለመሬቱ ልጅም። የትምህርት ካላንደሩ ግን የተሠራው ሰሊጥን ሳያስብ ነው።

እኔም የዚሁ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ልጅ ነኝ። 9ኛ ክፍል ስንገባ አብሮኝ የተመዘገበ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። መመዝገቡንስ ተመዘገበ፤ ወዲያው ግን አባቱን ሊያግዝ ወደ እርሻ ሄደ፣ የተመለሰውም ኅዳር ላይ ነው። ሲመለስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ብዙ ምዕራፍ ጥሎት ሄዷል። ፕላዝማው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ፈጥኖ ይናገራል፣ «ይቅርታ፣ እሷን ነገር ድገምልኝ» ቢሉት አይሰማም። ልጁ እስከ ገና ታገለና ቀረ። ሰነፍ ስለነበረ አይደለም፤ በሒሳብ ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ፕላዝማን ለማታውቁት ላስረዳ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት በየክልሉ ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ ስክሪን ሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለውም ቋራ ያለውም ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት ያያል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የሠለጠነ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር በሚያጥርበት አገር፣ ለሩቅ ወረዳ ልጅ ጥሩ አስተማሪ በሳተላይት መላክ ፍትሕ ይመስላል።

ችግሩ ሥርጭቱ ቀጥታ መሆኑ ነው። አይቆምም፣ አይመለስም። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ስክሪኑ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ የሚተርፈው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ ጊዜ ናት። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ፣ በቃ። እኛ ክፍል የነበረው ስክሪን አንድ ቀን ተበላሽቶ ዝም ሲል፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለን። መምህራችን ጠመኔ አንስቶ «እሺ፣ ምኑ ጋ ነው ያልገባችሁ?» አለን። ያን ጥያቄ ፕላዝማው አንድም ቀን ጠይቆን አያውቅም።

ይህን ያነሳሁት የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። አሁንም «ትምህርትን በቴክኖሎጂ እናዘምን» ሲባል እየሰማን ነው፤ ታብሌት፣ ስማርት ቦርድ፣ ኦንላይን ትምህርት፣ ኤአይ። እኔም እደግፋለሁ። ግን እስቲ ከመግዛታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህ ዕቃ ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ይጠብቃል ወይስ ጥሎት ይሄዳል?

ኢኮኖሚክስ ስማር ከገቡኝ ነገሮች አንዱ፣ አንድ ማሽን የሚያዋጣው ብቻውን ሳይሆን በዙሪያው ካለው ነገር ጋር መሆኑ ነው። ትራክተር ያለ ነዳጅና ያለ መለዋወጫ የቆመ ብረት ነው። ፔሩ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖችን ለልጆች አከፋፈለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንተር-አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች የገጠር ትምህርት ቤቶቹን ሲያጠኑ፣ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። ከዚሁ ፕሮግራም ወደ እኛም አገር በሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች መጥተው ነበር።

በተቃራኒው ቦትስዋናን እዩ። በኮቪድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን ለ20 ደቂቃ ያህል ወደ ወላጅ ስልክ እየደወሉ ልጁን ሒሳብ ያለማምዱት ነበር፤ ጥያቄው ደግሞ በአጭር መልእክት ይላካል። ስማርት ስልክ እንኳን አላስፈለገም። የልጆቹ ሒሳብ ተሻሻለ። መልእክቱ ብቻውን ሲላክ ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም፤ የሠራው «የት ላይ ነው የከበደህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለነበረ ነው።

ለምን ይህን ያህል ትጨነቃለህ ካላችሁኝ፣ ቁጥሮቹን ተመልከቱ። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015ቱ ፈተና ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ቤቱ ላፕቶፕ ሊኖረው ይችላል። ማውስ ነክቶ የማያውቅ የቆላ ልጅ ግን ሰዓት እየቆጠረበት ስክሪን ፊት ሲቀመጥ፣ የሚፈተነው ፊዚክሱን ብቻ አይደለም። ፈተናው ዘምኗል፤ ልጁ የተማረበት ክፍል ግን ገና ጠመኔ ላይ ነው።

«እንግዲያው ሁሉን ኦንላይን እናድርገው» የሚል ይኖራል። ወገን፣ የት ኢንተርኔት? በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጸጥታው ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲኖርም ከገንደ ውሃ ወጣ ብላችሁ ወደ እርሻው ስትገቡ ኔትወርኩ ይለያችኋል። ዳታ በብር ነው የሚገዛው፤ የቀን ሠራተኛ ልጅ ደግሞ በዩቲዩብ ሒሳብ ለመማር ዳታ አይገዛም። «ኢንተርኔት ካለ» ብሎ የሚጀምር ዕቅድ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው እኛን ትቶ ነው የሚነሳው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ዛሬ መተማ ዮሐንስ ላይ ትንሽ ሱቅ አለው። የስልክ ከቨር ይሸጣል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ ሚሞሪ ይጭናል። ሠራተኛው ወደ እርሻ ከመግባቱ በፊት እሱ ጋ ጎራ ይላል፤ «ሙላልኝ» ይለዋል፤ ዘፈን፣ ፊልም፣ ኮሜዲ ጭኖ ይሄዳል። እርሻ ላይ ደግሞ በብሉቱዝና በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ኢንተርኔት የማይደርስበት ሰሊጥ መሃል አዲስ ፊልም ይደርሳል ማለት ነው።

አያችሁት? ማሠራጫው አለ። ማንም አልገነባውም፣ ማንም በጀት አልያዘለትም፣ ግን ይሠራል። የጎደለው የሚጫነው ትምህርት ነው። እስቲ እናስላው። በዝቅተኛ ጥራት የተቀዳ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 30 ሜጋባይት ቢይዝ፣ አንድ ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ወደ 1,000 የሚጠጋ ቪዲዮ ይችላል። ውድ የሚሆነው የመጀመሪያው ቅጂ ብቻ ነው፤ ጎበዝ መምህር መምረጥ፣ መቅረጽ፣ ማረም። ከዚያ በኋላ ያለው ቅጂ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ደግሞ እንደ ፕላዝማው አይሮጥም፤ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ በአማርኛ ያብራራል፣ ልጁ ከእርሻ እስኪመለስም ይጠብቃል።

ለትምህርት ቤትም ቢሆን መንገድ አለ። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ፣ በዙሪያው ያሉ ስልኮችና ታብሌቶች ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ብቻ ትምህርቱን ያገኙታል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፔዲያን ራሱን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። መብራት ከተባለ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ ፀሐይ አጥተን አናውቅም። ትልቅ ፕሮጀክት አይጠይቅም፤ አንድ ሶላር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ዕቃው ሲበላሽ የሚጠግን አንድ የሠለጠነ ወጣት።

«ስልክ ክፍል ከገባ ልጁ ቲክቶክ ላይ ነው የሚውለው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ለዚህ ነው ቁልፉ መምህሩ እጅ መሆን ያለበት። መምህሩ ቪዲዮውን ለአምስት ደቂቃ ያሳያል፣ ያቆማል፣ ይጠይቃል፣ ካልገባቸው ይመልሳል። ስልክ የሌለው ልጅም አለ፤ በተለይ ሴቶቹ። ወንዱ ከእርሻ ሲመለስ ስልክ ይገዛል፤ እህቱ ግን ውኃና ማገዶ ላይ ናት፣ ስልኩም የወንድሟ ነው። ስለዚህ ዕቃው የትምህርት ቤቱ ሆኖ ከትምህርት ሰዓት ውጭም ክፍት ካልሆነ፣ አንዱን ልዩነት ዘግተን ሌላውን እናሰፋለን።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የትምህርት ባለሥልጣናት ታብሌት ከመግዛታቸው በፊት በአማርኛ የሚያብራራና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ትምህርት ያዘጋጁ። ሁለተኛ፣ በሰሊጥ ወቅት የቀረ ልጅ ኅዳር ላይ ሲመለስ ያመለጠውን የሚያካክስበት ፕሮግራም ይኑር፤ ቴክኖሎጂው መጀመሪያ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛው ለእናንተ ነው።

ባለፈው ለጓደኛዬ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉትን መጻሕፍት በፒዲኤፍ ሰጠሁት። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩትን ማለት ነው። ከፊልሙና ከዘፈኑ መሃል «ትምህርት» የሚል ፎልደር ከፈተላቸው። ከወር በኋላ ስንት ሰው ጫነው አልኩት። «ሁለት» አለኝ። «አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ አንዱ እኔ ነኝ።»

ሁለት ትንሽ ነው። ቢሆንም የሁለተኛው ሰው ፎልደር ውስጥ ያለው መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የሚያስረዳው ሰው የለም። እናንተ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ አንድ የሒሳብ ምዕራፍ የገባችሁ፣ ስልካችሁን አቁሙና በአማርኛ አስረድታችሁ ቅረጹ። ከዚያ ለዕረፍት አገር ቤት ስትሄዱ ሚሞሪ ለሚጭነው ልጅ ስጡት።